የአርካይቭ ኢንተርንሺፕ ልጀምር ነው፦ ስካን ላድርግ ወይስ ያልተደራጀ ስብስብ ልያዝ?

ታሪክ ሦስተኛ ዓመት

ሰላም ለሁላችሁ። የታሪክ ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር በኮሌጃችን ላይብረሪ፣ በአርካይቭና ልዩ ስብስቦች ክፍል ኢንተርን ሆኜ እገባለሁ። ጠይቄ ያገኘሁት ነው። ጓደኞቼ ግን «አቧራ ስታራግፊ ልትከርሚ ነው» ይሉኛል።

ሱፐርቫይዘሬ ሁለት ምርጫ ሰጥታኛለች። አንደኛው የኮሌጁን የቆዩ ፎቶግራፎች ስካን ማድረግ ነው። ሥራው ተጀምሯል፣ መመሪያም አለው፤ የጎደለው የሚቀጥል ሰው ነው። ሁለተኛው በሕይወት የሌሉ አንድ መምህር ወረቀቶች ናቸው። ቤተሰባቸው ለላይብረሪው የሰጠው ነው። ደብዳቤ፣ የክፍል ማስታወሻ፣ ፎቶ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም በካርቶን እንደመጣ ተቀምጧል። እስካሁን ማንም አልነካውም።

የመጀመሪያው ቀላል ይመስለኛል። ሁለተኛው ይስበኛል፤ ግን ከየት እንደሚጀመር ስለማላውቅ እፈራለሁ። በሙያው ውስጥ ያላችሁ ወይም ያለፋችሁበት፣ የቱን ልያዝ? ከመፈረሜ በፊትስ ምን ብጠይቅ ይሻላል?

የመዝገብ ሰው

እህቴ፣ ሁለተኛውን ያዢ። በዚህ ሥራ ላይ ዕድሜዬን ነው የቆየሁት፤ ብዙ ኢንተርኖችንም ተቀብያለሁ። ተምሮ የሚወጣው አንድ ስብስብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ ያለፈለት ተማሪ ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ ስካነር ላይ ተቀምጦ ቁልፍ መጫን ይህን አያስተምርም።

ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። ግን መጀመሪያ ላይ የሚፈለግብሽ አለመንካት ነው። ለካርቶኖቹ በመጡበት ሁኔታ ቁጥር ስጫቸው። ከላይ ፎቶ አንሻቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ክፈቺና ያየሽውን ጻፊ፤ ምንም ሳታወጪ፣ ምንም ሳታቀያይሪ። ጎን ለጎን ስለ መምህሩ አንብቢ። የት ተማሩ? ምን አስተማሩ? የትኛው ኮሚቴ ውስጥ ነበሩ? ደብዳቤ ላይ «ለውድ ጓደኛዬ» ተብሎ የመጣው ሰው ማን እንደሆነ የምትደርሺበት በዚህ ነው።

እንዲህ የምንጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ ብዙ ቤተ መዛግብት ወረቀት ሲመጣላቸው በርዕስ ይበትኑት ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ፋይል ይፈታና ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማን ለማን፣ ለምን እንደጻፈው ማወቅ ይቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1841 የፈረንሳይ አገር ግዛት ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ ከአንድ አካል የመጣ መዝገብ አንድ ላይ ይቆይ፣ ከሌላው ጋር አይደባለቅ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1898 ደግሞ ሦስት የኔዘርላንድ ባለሙያዎች ባሳተሙት መመሪያ፣ የውስጡም ቅደም ተከተል ባለቤቱ እንዳስቀመጠው ይጠበቅ የሚለው ሐሳብ ጸና። ዛሬም የምንሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

መምህሩ አንድ ፎቶ ከአንድ ደብዳቤ ጋር አያይዘው ካስቀመጡ፣ መያያዙ ራሱ መረጃ ነው። ፎቶውን «ፎቶዎች» ወደሚል ሳጥን ስትወስጂው ከታሪኩ ይለያል። ማንም ቢሆን መልሶ አያገናኘውም።

ፒክስል

ጋሼ፣ የሚሉትን አከብራለሁ። ስካን ማድረግን ቁልፍ መጫን ማለት ግን አይገባም። እኔ የምሠራው እሱን ነው።

አንድ የታተመ ፎቶ ስካን ሲደረግ ብዙ ውሳኔ አለው። በስንት ጥራት ይነሳ? ለትንንሽ ፎቶዎች 600 ፒክስል በኢንች የተለመደ ነው። ዋናው ፋይል ጥራቱን በሚጠብቀው የፋይል ዓይነት በቲፍ (TIFF) ይቀመጣል፣ ለተመልካች የሚወጣው ቀለል ባለው በጄፔግ (JPEG)። የፋይሉ ስም ከዓመታት በኋላም የሚገባ መሆን አለበት። የፎቶው ጀርባስ? ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ስም ካለ እሱም ይነሳል። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ከዚያ ሜታዳታው፣ ማለትም ስለ ፎቶው የሚመዘገበው መረጃ፣ አለ። ብዙ ላይብረሪዎች የሚጠቀሙበት ደብሊን ኮር የሚባለው የመረጃ አመዘጋገብ ደረጃ 15 መስኮች ብቻ ነው ያሉት፤ ቀላል ይመስላል። ግን «ቀን» የሚለው ላይ ምን ትጽፊያለሽ? ፎቶው የተነሳበትን ወይስ ስካን የተደረገበትን? ሁለቱ ከተምታቱ ፍለጋው ሁሉ ይበላሻል። በመጨረሻ ፋይሉ እንዳልተበላሸ የሚረጋገጥበት ቼክሰም አለ። ኮምፒዩተሩ ከፋይሉ ይዘት አንድ ቁጥር ያሰላል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነገር ብትቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። በየጊዜው እያሰሉ ማነጻጸር ነው። ኮፒውም ከአንድ ቦታ በላይ ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ የምትማሪበት ከሆነ ስካኑ ትልቅ ትምህርት ነው። ስካነሩ ፊት አስቀምጠውሽ የሚሄዱ ከሆነ ግን ጋሼ ያሉት ልክ ነው።

ቀድሞ ኢንተርን

እኔ ያ «አስቀምጠውሽ የሚሄዱ» የተባለው ደርሶብኛል። ሴሚስተሩን ሙሉ ስካን አደረግኩ። ፎቶዎቹ ከየት እንደመጡ፣ ለማን እንደሚሆኑ የነገረኝ አልነበረም። ስጨርስ «እናመሰግናለን» ተባልኩ። ለሥራ ስወዳደር ምን ሠራሽ ቢሉኝ የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ይህን ጠይቂ። ሥራዬን የሚያይልኝ ማነው፣ በየስንት ጊዜው? ስወጣ ምን የተጠናቀቀ ነገር ይኖራል? ስሜስ ይጻፍበታል? ሌላው ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ንባብ ክፍሉ ውስጥ እንድትቀመጪ ለምኚ። ተመራማሪ መጥቶ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን ፈልጎ እንደሚያጣ ካላየሽ፣ ስለ ስብስቡ የምትጽፊው መግለጫ ለማን እንደሆነ አይገባሽም። ቦርሳ ውጭ፣ እስክሪብቶ ክልክል፣ እርሳስ ብቻ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ፎልደር የሚለው ደንብ ሁሉ ትርጉም የሚሰጥሽ እዚያ ስትቀመጪ ነው።

ዳር ቆሞ

ይቅርታ፣ ክፍያ አለው?

ታሪክ ሦስተኛ ዓመት

ክፍያ የለውም፤ ክሬዲት ግን አለው። እንደ አንድ ኮርስ ይቆጠርልኛል።

አስተባባሪ

ኮሌጅ ውስጥ ተማሪዎችን ለኢንተርንሺፕ የምመድብ ሰው ነኝ። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ያለ ክፍያ የሚሠራ ኢንተርንሺፕ ማን ሊገባበት እንደሚችል አስቀድሞ ይወስናል። ከክፍል ውጭ ሠርቶ ራሱን የሚያስተዳድር ተማሪ በነጻ የሚሰጠው ሰዓት የለውም። ስለዚህ አይመጣም። ቀስ በቀስ ሙያው ውስጥ የሚቀሩት የቻሉት ብቻ ይሆናሉ። የማን ታሪክ ይቀመጥ፣ የማን ይጣል ብለው የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ ለማፈላለግ መታገል የላይብረሪው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክፍያ ከሌለ ቢያንስ ክሬዲቱ እውነተኛ ይሁን። ሰዓቱ በጽሑፍ ይታወቅ፣ ፈተና ሲደርስ ይቀየር። ሥራው ደግሞ ለተማሪው ትምህርት የሚሆን እንጂ የጎደለን ሠራተኛ የሚሸፍን አይሁን። ሠራተኛ የሚያስፈልገው ቦታ ሠራተኛ ይቅጠር።

ዳር ቆሞ

ልክ ነው። እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት ነው ያልገባሁት።

ወረቀት ሐኪም

የጥገና ባለሙያ ነኝ። ሁለተኛውን ከመረጥሽ ካርቶኑን ስትከፍቺ ምን እንደሚጠብቅሽ ልንገርሽ።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ አብዛኛው ወረቀት ከእንጨት ነው የሚሠራው። ርካሹ ወረቀት ውስጥ የሚቀረው ሊግኒን የሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር ከሌላው ኬሚካል ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥራል። ጋዜጣ ቶሎ የሚቢጫውና የሚሰባበረው ለዚህ ነው። አሲዱ ደግሞ አጠገቡ ወዳለው ይሻገራል። በደብዳቤ መሃል የታጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ ካገኘሽ፣ ደብዳቤው ላይ ልክ በቁራጩ ቅርጽ ቡናማ ጥላ ታያለሽ። ጋዜጣውን አትጣዪ። በአሲድ አልባ ወረቀት ለይው፣ ቦታውን ግን አትቀይሪበት። የሚሰባበር ከሆነ በጥሩ ወረቀት ኮፒ ይደረግለታል።

አሮጌ ቀለም ከብረት ጨው የተሠራ ከሆነ ወረቀቱን ሊበላው ይችላል። ፊደሎቹ ባሉበት ቦታ ወረቀቱ ሲበሳሳ ካየሽ ገጹን አታገላብጪው፤ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪ። የተቀደደ ነገር ስታገኚ ስኮች የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ። ሙጫው ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፣ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፤ እሱን ማስለቀቅ ከቀዳዳው ይብሳል።

ጓንት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለወረቀት ንጹህና ደረቅ እጅ ይበልጣል። የጨርቅ ጓንት ጣትሽ ወረቀቱን በደንብ እንዳይሰማው ስለሚያደርግ ትቀጂዋለሽ። ለፎቶግራፍና ለኔጋቲቭ ግን ናይትሪል የሚባለውን የላስቲክ ዓይነት ጓንት አድርጊ፤ የጣት ቅባት ምስሉ ላይ አሻራ ይተዋል። የፊልም ጥቅል ስትከፍቺ የኮምጣጤ ሽታ ከሸተተሽ አሴቴት ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ፊልም መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ከሌላው ለይተሽ አሳውቂ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በፊት የነበረ ፊልም ደግሞ ናይትሬት የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እሱ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ለብቻሽ አትንኪው።

ሻጋታ ካየሽ እዚያው አቁሚ። አትጥረጊ፣ አታራግፊ። ካርቶኑን ዝጊና ጥሪ። ጓደኞችሽ ስለ አቧራ የሚሉትን ተያቸው፤ ሻጋታ ግን ለሳንባሽም ለሌላው ስብስብም አደጋ ነው።

የዛገ አግራፍና ላስቲክ በሙሉ ይውጣ። ዝገቱ ወረቀቱን ይበላል፤ ላስቲኩም ይደርቅና ይጣበቃል።

የመዝገብ ሰው

ከወረቀት ሐኪም ጋር በመጨረሻው ነጥብ ላይ ብቻ ትንሽ እንለያያለን። ላስቲኩና የዛገው ይውጣ፤ እስማማለሁ። ያልዛገውን አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ ሁሉ አንድ በአንድ መንቀል ግን ኢንተርኗን ሴሚስተሩን ሙሉ ይዞ ሊውል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት አሜሪካውያን ባለሙያዎች፣ ማርክ ግሪንና ዴኒስ ማይስነር፣ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ያነጋገረ ጽሑፍ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ቤተ መዛግብት እያንዳንዷን ገጽ እናሳምር ሲሉ ገና ያልተከፈተው ካርቶን ይቆለላል። ተመራማሪው ደግሞ ያልተከፈተውን ማየት አይችልም። የክፍሉ ሙቀትና እርጥበት የተረጋጋ ከሆነ ብረቱ ቶሎ አይዝግም። ስለዚህ ሁሉንም በመጠኑ አዘጋጅቶ ለሰው ክፍት ማድረግ ይሻላል አሉ። እኔ በዚህ አምናለሁ።

ወረቀት ሐኪም

«የተረጋጋ ከሆነ» የሚለው ላይ ነው ነገሩ። ብዙ ላይብረሪዎች ውስጥ አይረጋጋም። ማታ የአየር ማስተካከያ መሣሪያው ይጠፋል፣ ዝናብ ሲመጣ እርጥበቱ ይጨምራል። መለዋወጡ ወረቀቱን ያደክመዋል፤ ብራና ደግሞ ወዲያው ይጥመለመላል። ሱፐርቫይዘርሽን የእርጥበት መለኪያ አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። መዝግበው የሚይዙ ከሆነ ጋሼ ያሉትን አድርጊ። ካልመዘገቡ እኔ ያልኩትን።

የመዝገብ ሰው

በዚህ እስማማለሁ።

ታሪክ ሦስተኛ ዓመት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ጋሼ፣ ባለቤቱ ያስቀመጡት ቅደም ተከተል ይጠበቅ ብለዋል። ምንም ቅደም ተከተል ባይኖረውስ? ቤተሰቡ ከመደርደሪያና ከመሳቢያ እየዘገኑ ካርቶን ውስጥ ከተውት ቢሆንስ? ሁለተኛ፣ ሱፐርቫይዘሬን ስጠይቃት ካርቶኖቹ ውስጥ የድሮ ተማሪዎች ውጤት፣ ስለ ሰው ሕመም የሚያወራ ደብዳቤም እንዳለ ነገረችኝ። ይህን ማንበብ ይገባኛል?

የመዝገብ ሰው

ቅደም ተከተል የለም ከማለትሽ በፊት በደንብ ፈልጊ። ጠቅላላ ካርቶኑ የተዘበራረቀ መስሎ ውስጡ ያለው አንድ ፖስታ በሥርዓት የተሰደረ ሊሆን ይችላል። ያንን አትፍቺው። በእርግጥም ከሌለ፣ ሰውየው ይሠሩት በነበረው ሥራ ክፈዪው። ማስተማር፣ ምርምር፣ የኮሚቴ ሥራ፣ የግል ደብዳቤ። አራት ወይም አምስት ክፍል ይበቃል። ያንቺ አደረጃጀት እንደሆነም መግለጫው ላይ ጻፊ፤ ወደፊት የሚያነበው ሰው የመምህሩ መስሎት እንዳይሳሳት።

መግለጫውን ከሰፊው ወደ ጠባቡ ጻፊ። መጀመሪያ ስለ ስብስቡ በሙሉ፣ ከዚያ ስለየክፍሉ፣ ከዚያ ስለ ፎልደሩ። የዓለም አቀፉ የመዛግብት ምክር ቤት ያወጣው የአገላለጽ ደረጃ የሚያዘውም ይህንኑ ነው። ላይ የተነገረው ታች አይደገምም።

ስለ ሁለተኛው፦ አዎ፣ ታነቢያለሽ፤ ሥራሽ ነው። ከክፍሉ በር ውጭ ግን አይወራም፣ ፎቶ አይነሳም፣ ለጓደኛ አይላክም። የውጤት ዝርዝሩንና የሕመሙን ደብዳቤ የያዘውን ፎልደር መዝግበሽ ለሱፐርቫይዘርሽ አሳልፊ። ይዘጋ? ለስንት ዓመት? እሱን የሚወስነው ሕጉና የላይብረሪው ደንብ ነው። ቤተሰቡ የፈረመውን የስጦታ ውልም አሳዪኝ በያት። አንድ ነገር ልብ በዪ። መምህሩ የተቀበሏቸው ደብዳቤዎች ወረቀታቸው የላይብረሪው ነው፤ የጽሑፉ የቅጂ መብት ግን አብዛኛውን ጊዜ የላኪዎቹ ነው። ስካን አድርጎ ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ ሲመጣ ይህ ጥያቄ ይነሳል።

አንባቢ

እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነኝ። ተመራማሪ ነኝ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ፎልደር ላይ «ልዩ ልዩ» ብለሽ አትጻፊ። የምፈልገው ነገር እዚያ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። «ደብዳቤዎች፣ ከቀድሞ ተማሪዎች፣ ስለ ሥራ ፍለጋ» ብትዪኝ እመጣለሁ። «ልዩ ልዩ» ካልሽኝ አልፈዋለሁ።

ሌላም አለ። የድሮ ፎቶ መግለጫዎችን ስታዪ ስም ያለው ማነው ስም የሌለውስ ማነው ብለሽ ተመልከቺ። «ዲኑ ከተማሪዎች ጋር» ይላል፤ አጠገባቸው የቆመችው የላይብረሪ ሠራተኛ ስም የላትም። አንዲት መምህርት በባልዋ ስም ብቻ ተጠቅሳ ታገኛለሽ። የራስዋ ስም ከሌላ ሰነድ ላይ ከተገኘ አስገቢው። እኔ ስለ ሴት መምህራን ሳጠና ትልቁ እንቅፋት ሰነድ ማጣት አልነበረም። ሰነዱ አለ፤ መግለጫው ላይ ግን ስማቸው ስለሌለ ፍለጋው አያገኛቸውም። ይህንን ማስተካከል ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ይጠይቃል።

ፒክስል

አንባቢ ያለው በጣም ትልቅ ነገር ነው። አንድ ልጨምር። የዛሬ ተማሪዎች ሕይወት ካርቶን ውስጥ የለም። የክበቡ ስብሰባ ቴሌግራም ላይ ነው፣ ፖስተሩ ስልክ ላይ ነው። አስተዳዳሪው ሲመረቅ ግሩፑ ይዘጋል፣ ያ ሁሉ ይጠፋል። ኮሌጆች የቦርዱን ቃለ ጉባኤ ከድሮ ጀምሮ ጠብቀው አቆይተዋል፤ የተማሪ ክበባትን ግን ብዙ ጊዜ አይደርሱባቸውም። አንቺ ከእነሱ አንዷ ነሽ። የክበብ ጸሐፊዎችን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ፈቃዳቸውን ጠይቆ ፎቶና ሰነዱን ወደ አርካይቭ ማምጣት ከማንም ሠራተኛ ይልቅ ለተማሪ ይቀላል። ፈቃድ የሚለውን ግን እንዳትዘዪው፤ ግሩፕ ውስጥ የተጻፈ ነገር ባለቤቶቹ የጻፉት ሁሉ ናቸው።

ጠንቃቃ

ሁላችሁም ሁለተኛውን ያዢ ትላላችሁ። እኔ አንድ ስጋት አለኝ። የተበተነ ቅደም ተከተል አይመለስም። ጀማሪ ብቻውን ይህን መያዝ አለበት? ስካኑ ቢበላሽ እንደገና ይሠራል። ይህ አይሠራም።

አስተባባሪ

ስጋትህ ትክክል ነው። ለዚህም ነው ብቻዋን መሆን የሌለባት። ጥሩ ኢንተርንሺፕ ላይ ተማሪዋ የመጀመሪያውን ዝርዝር ትሠራለች፣ ከዚያ ዕቅድ ትጽፋለች። ስብስቡን እንዴት ልከፋፍለው፣ ለምን? ሱፐርቫይዘሯ ዕቅዱን አይታ ሳትፈርም አንድ ወረቀት ከቦታው አይነሳም። መጠኑም ይታይ። መደርደሪያ ላይ ሲደረደር ከሁለት ሜትር ርዝመት የማይበልጥ ስብስብ ለአንድ ሴሚስተር ምክንያታዊ ነው እላለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍለሽ አንዱን ውሰጂ።

ቀድሞ ኢንተርን

ስለ ስም ያልኩትን ልድገም፤ ብዙ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል። አታፍሪ። ዓለም አቀፉ የአገላለጽ ደረጃ ራሱ መግለጫውን ማን እንዳዘጋጀ የሚጻፍበት ቦታ አለው። የባለሙያው ስም እንደሚገባ ያንቺም ይገባል። ሥራ ስትፈልጊ የመግለጫውን ሊንክ ትልኪያለሽ፤ ሠሪው ማን እንደሆነ ይታያል።

ታሪክ ሦስተኛ ዓመት

ሱፐርቫይዘሬን አነጋገርኳት። ያላችሁኝን ሁሉ ጽፌ ይዤ ነው የሄድኩት። እርጥበቱን ይመዘግባሉ፤ የተረጋጋ ነው አለችኝ። ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት፣ ላስቲኩንና የዛገውን ብቻ ነው የማወጣው። የመምህሩን ወረቀቶች እይዛለሁ። ስካን ደግሞ ከዚሁ ስብስብ ውስጥ ካሉት ፎቶዎች የተመረጡትን ብቻ፣ ከነጀርባቸው። በየሳምንቱ ሐሙስ ሥራዬን ታይልኛለች። ስሜም ይገባል አለች፤ ራሷ ደስ አላት። ንባብ ክፍል የመቀመጡንም ፈቅዳለች።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሳልጨርስ ብቀርስ?

የመዝገብ ሰው

ልትቀሪ ትችያለሽ፤ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስታወሻ ያዢ። የትኛውን ካርቶን ከፈትሽ፣ ምን ከየት ወደየት አዛወርሽ፣ ለምን፣ ምን አጠራጠረሽ። ማንነቱን ያልደረስሽበትን ስምም ጻፊው። ያልጨረስሻቸውን ካርቶኖች እንደነበሩ ተያቸው፤ ጊዜ አለቀ ብለሽ በችኮላ አትደርድሪያቸው። ያለቀው ክፍል መግለጫ ለብቻው ሊወጣ ይችላል። «የቀረው ገና አልተዘጋጀም» ብሎ መግለጫው ላይ ማስፈር ነው። ተመራማሪው ቢያንስ መኖሩን ያውቃል፣ መጥቶም ይጠይቃል። የመጨረሻዋን ሳምንት ለካርቶን ሳይሆን ለዚህ ማስታወሻ ተዪያት። ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ያልገባትን ትጠይቅሽ። ከዚያ ከስብስቡ ፋይል ጋር ይቀመጣል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ኢንተርን ከዚያ ይነሳል።